ለአውሮፕላን ጀርባ ያልሰጡ ሰው

ባለፈው ዓመት አንድ ረቂቅ ተላከልኝ። በደርግ ዘመን በይፋት ቆላ የጥጥ ማሳዎች ላይ ፀረ ተባይ ይረጭ የነበረው የአነስተኛ አውሮፕላኖች ክፍል የቀድሞ ሠራተኞች የክፍሉን ታሪክ ሊያሳትሙ አስበዋል፤ ቋንቋውን እንዳርምላቸው ፈለጉ። የአካባቢው ተወላጅ መሆኔን ሰምተዋል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ግን አላጣሩም። ረቂቁ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ሁለቱ ቢጫ አውሮፕላኖች ከነሞተራቸው ጉልበት ተገልጸዋል። አብራሪዎቹ፣ መካኒኮቹ፣ ጫኞቹ፣ ሌላው ቀርቶ የጣቢያው ወጥ ሠሪ በየተራቸው ተመስግነዋል። ባንዲራ ያዦቹ የተነሡት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የአካባቢው ነዋሪዎች ምልክት በማሳየት ተባብረዋል ይላል።

ያንን ዓረፍተ ነገር ሳልነካው መለስኩላቸው። በቋንቋው ላይ የሚታረም ነገር አልነበረበትም። በውስጡ ያለውን ውሸት ለማረም ደግሞ የኅዳጉ ቦታ አይበቃም፤ ስለዚህ ለብቻው ይህን ጻፍኩ።

ባንዲራ ያዥ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የርጭት አውሮፕላን ከጥጡ በላይ በሁለት ሰው ቁመት ያህል ዝቅ ብሎ ይበርራል። አብራሪው የረጨውን መሬት ካልረጨው ከላይ ሆኖ መለየት ስለማይችል በማሳው ሁለት ጫፎች ላይ አንዳንድ ሰው ይቆምለታል። የቆሙት ሰዎች በቀርከሃ ዘንግ ላይ የታሰረ ነጭ አቡጀዲ ከፍ አድርገው ይይዛሉ። አብራሪው ሁለቱን ባንዲራዎች አስተካክሎ በመካከላቸው ይመጣል፣ ይረጫል፣ ያልፋል። ባንዲራ ያዡ ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ሃያ እርምጃ ይጠጋና ለሚቀጥለው ምልልስ እንደገና ይቆማል። ሥራው ይኸው ነው። ደንቡ ደግሞ አለ። አብራሪው መስመሩን እንደያዘ፣ ገና ከማሳው ሳይደርስ፣ ባንዲራ ያዡ ቦታውን ለቅቆ መሄድ አለበት። አውሮፕላኑ ሲያልፍ ከሥሩ ሰው መገኘት የለበትም። ይህን ደንብ እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አብራሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቀው ነበር።

አባቴ ባንዲራ ያዥ ነበሩ።

አውሮፕላኖቹ ያረፉበት ሜዳ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ በቀወት በኩል የሚገኝ የማሽላ መሬት ነበር። የገበሬ ማኅበሩ አባላት በገዛ እጃቸው ማሽላቸውን አጭደው፣ ጉቶውን ነቅለው፣ ድንጋዩን ለቅመው ደለደሉት። ከተደለደለው ውስጥ አንደኛው ማሳ የእኛ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን ባረፈበት ቀን የጣቢያው ኃላፊ ስለ ምርት ዘመቻው ረዥም ንግግር አደረገ። እሱ ሲጨርስ ማንም ያልጋበዛቸው የአገር ሽማግሌዎች ተነሡና እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ኃላፊው ፊቱን አጠቆረ፤ ሕዝቡ አሚን ሲል ግን ዝም ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሽማግሌዎቹ አላህ መምጣቱን ከኸይር እንዲያደርገው ለምነው፣ ከሰማይ የመጣው የይፋት እንግዳ ነው ብለው ዘጉ። ይህን ያሉት የሚሉት ቢያጡ ነበር፤ ለአውሮፕላን የሚሆን ሌላ ዱዓ አያውቁም። አባቴ ግን አሚን ካሉት አንዱ ነበሩ፤ አሚን ያሉትን ነገር ደግሞ ጠብቀው የሚይዙ ሰው ነበሩ።

በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ይቆማል። የቆመ ሰው ወደ እንግዳው ዞሮ ይጠብቃል፤ እንግዳው እስኪቀመጥ ወይም መንገደኛም ከሆነ አልፎ እስኪርቅ ድረስ ጀርባ አይሰጠውም። እየመጣ ካለ ሰው ፊት ዞሮ መሄድ በር ከመዝጋት ይከፋል። አባቴ ከአውሮፕላኑ ፊት የቆሙት እንዲህ ነው። ድምፁን ሲሰሙ ቀጥ ይላሉ፤ ባንዲራቸውን ከፍ አድርገው ወደሚመጣው ይዞራሉ፤ ርጭቱ በራሳቸው፣ በፊታቸውና በተከፈተው ሸሚዛቸው ላይ ሲወርድ ንቅንቅ አይሉም። ካለፈ በኋላ ሃያ እርምጃቸውን ቆጥረው ይጠጋሉ። በአንድ ማለዳ ይህ ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ ይደገማል።

በወዲያኛው የማሳ ጫፍ ይቆሙ የነበሩት ጎረቤታችን የዚህ ተቃራኒ ነበሩ። ፈሪነታቸውን አይደብቁም፤ እንዲያውም ይኮሩበታል። ሞተሩ ገና ከሩቅ ሲያጓራ ባንዲራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው ወደ ማሽላው ይሮጣሉ። ዘንጉ አንዳንዴ ይወድቃል፤ መስመሩ ይጣመማል፤ ኃላፊው ይጮህባቸዋል። አንድ ቀን ለምን እንደሚሮጡ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ሲጠይቃቸው፣ «ጓድ፣ ጓይ ትሉ እኔ ነኝ እንዴ የሚረጭብኝ?» አሉት። ጓይ ትል ጥጡን የሚበላው ተባይ ነው፤ ሠራተኛው ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። ጎረቤታችን እንግዳ ማክበር የማያውቁ ሆነው ታዩዋቸው።

እኔ በዚያ ክረምት አሥራ አንደኛ ክፍል ጨርሼ ነበርና ለአብራሪው አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። አብራሪው ወዳጅ ከሚባሉት የሶሻሊስት አገሮች ከአንዱ የመጣ፣ እንግሊዝኛው ከእኔ ብዙም የማይሻል ሰው ነበር። ኃላፊው እንግሊዝኛ ይችላል፤ ከገበሬ ጋር ቆሞ ማውራት ግን ከሥራው አይቆጥረውም። ስለዚህ የአብራሪውን ቃል ወደ ማሳው፣ የማሳውን ቃል ወደ አብራሪው የማመላልሰው እኔ ነበርኩ።

ርጭቱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አብራሪው ከአውሮፕላኑ ወርዶ ወደ አባቴ መጣ። አባቴ ከራስ እስከ እግር እርጥብ ነበሩ። አብራሪው እጃቸውን ጨበጠ፤ የላስቲክ ጓንቱን ግን አላወለቀም። ያኔ የረሳ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ እኚህ ሰው ከስፍራቸው ስለማይነቃነቁ መስመሬ በማስመሪያ እንደተሰመረ ይቀናልኛል፣ ሁልጊዜ እንዲሁ ይቁሙልኝ በያቸው አለኝ። ተረጎምኩ። እንዲያውም ጨምሬ ተረጎምኩ፤ እርሱ ያላለውን የአክብሮት ቃል ከራሴ አከልኩበት፤ አባቴ ስለተመሰገኑ ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ ለእንግዳ ይህ ምን ይበዛል በይልኝ አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አባቴ እንዲቆሙ በአማርኛ የነገራቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ብዙ ሳይቆይ አባቴ ታመሙ። ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ምራቃቸው ያለ ልክ ይሞላል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው ጉም ለብሶባቸው በር ይዳብሳሉ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ላብና መንቀጥቀጥ ሲታይ ሁሉም ሰው የሚያውቀው አንድ በሽታ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሳይመረምር ወባ ነው ብሎ ክሎሮኪን ሰጣቸው። ሁለተኛም ሰጣቸው፣ ሦስተኛም። እናቴ እንክብሉን በሰዓቱ እያስዋጠች ትጠብቅ ነበር፤ ታማኝ ሰዎች ነበርን። እኔ ግን ሁለት ነገር አየሁ። የዓይናቸው ብሌን ጨለማ ቤት ውስጥም ቢሆን የመርፌ ቀዳዳ አክሎ ይቀራል። በተጨማሪም ዝናብ ጥሎ በረራ በሚቀርባቸው ቀናት ይሻላቸዋል። ዝናብ የሚፈራ ወባ የለም።

መልሱን ያገኘሁት ከመጋዘኑ ነው። አብራሪው አንድ ወረቀት እንዳመጣለት ልኮኝ ሄጄ፣ ከበርሜሎቹ ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መመሪያ በጥቅል እንደታሰረ ከመደርደሪያው ላይ አየሁት። አንዱን ቅጂ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመርዙ የተጎዳ ሰው የሚያሳያቸው ምልክቶች በተራ ተዘርዝረዋል፤ የአባቴን ገላ አይቶ የጻፈው ይመስል ነበር፤ ላቡ፣ ምራቁ፣ መንቀጥቀጡ፣ የዓይኑ ብሌን። ከሥሩ የባንዲራ ያዦች ደንብ ነበር። አውሮፕላኑ ሳይደርስ ቦታ እንዲለቁ፣ ጭምብልና ጓንት እንዲያደርጉ፣ ከሥራ በኋላ በሳሙና እንዲታጠቡ ይላል። ጭምብልና ጓንት ነበር፤ ጫኞቹና አብራሪው ያደርጉታል። የአባቴ ትጥቅ አንድ ክንድ ተኩል አቡጀዲ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። እስክጨርስ ሰማኝ፤ ሰምቶም አልደነገጠም። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠና፣ በዘመቻ ወቅት ስለ መድኃኒቱ ወሬ መንዛት የኢኮኖሚ አሻጥር ተብሎ እንደሚያስጠይቅ አስረዳኝ። የዚያን ቃል ትርጉም በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ድምፁን አለዝቦ፣ «ደግሞስ ቁሙ ብሎ ማን ያዘዛቸው አለ? አባትሽ ፈቃደኛ ናቸው፤ ፈቃደኛ ሰው ምን ይደረጋል?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዐዋቂ ሰዎች ብዙ ጥፋት ሲያስረዱ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የተጣራች ግን አልገጠመችኝም።

ማታ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ለጥጥ የተበጀ መድኃኒት በሰው ላይ ምን አደርጋለሁ ይላል አሉ። አውሮፕላን እንግዳ እንዳልሆነ፣ ብረት እንደሆነ ነገርኳቸው። በውስጡ ሰው አለ አሉኝ። ሰውዬው ራሱ ደንቡን እንደሚያውቅ ስነግራቸው ግን ተቆጡ፤ «አንቺው አይደለሽ በእርሱ ቃል ደግ አደረጉ ያልሽኝ? አሁን ምን ተገኘ?» አሉኝ። እናቴ ከጓዳ ሆና ሰውዬ ለልጅዎ አንዴ እንኳ ይሸነፉላት ብትል፣ እንግዳን ልጅ አይከለክለውም ብለው ተነሡ።

እውነት ካልሠራች ውሸት ቀረኝ። ውሸቱን እንደ ጥሩ ትርጉም አድርጌ በጥንቃቄ ሠራሁት። በማግስቱ ከማሳ ሲመለሱ፣ አብራሪው መልእክት አለው አልኳቸው። በእርሱ አገር ወደሚመጣ እንግዳ ፊት ለፊት ገትሮ መቆም የጠብ ምልክት ነው፤ ጨዋ ሰው እንግዳው ሳይደርስ ዞር ብሎ መንገድ ይለቅለታል፤ እስካሁን ይሉኝታ ይዞት እንጂ ነገሩ ከብዶታል አልኩ። አባቴ ፊታቸው ተለወጠ። ስንት ቀን እንደሰደቡት በልባቸው ሲቆጥሩ አየሁ። በበነጋው አውሮፕላኑ ገና ሲመጣ ዞረው በሩጫ ቀረሽ እርምጃ ራቁ፤ ርጭቱ ባዶ መሬት ላይ ወረደ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ሦስት ቀን ምራቃቸው ደረቀ፤ በሦስተኛው ቀን በር ሳይዳብሱ ገቡ። መስመሩ ትንሽ ተዛንፎ አብራሪው ሲነጫነጭ ሰምቼ፣ ነፋሱን ሰበብ አድርጌ አሳለፍኩት።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር፤ ይህም የገዛ አገሬ ወግ ነው። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው በደሉን በማቆም ብቻ አይተውም። ይቅር በሉኝ ብሎ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። በአራተኛው ቀን አባቴ ታጥበው፣ ነጭ ጀለቢያቸውንና ኮፍያቸውን አድርገው፣ አንድ ሙክት በግ እየጎተቱ፣ ጎረቤታችንን ሽማግሌ አድርገው ሜዳው ላይ ከተፍ አሉ። ጎረቤታችን በጉ ለእርድ ሳይሆን ባንዲራ ሊይዝ የመጣ መስሎት እንደተከፋ ለጫኞቹ እያወሩ ያስቁ ነበር። አብራሪው የሚሆነው ግራ ገብቶት ወደ እኔ ተመለከተ። ስለ በጎ ሥራህ ስጦታ ሊሰጡህ ነው አልኩት። ደስ ብሎት አባቴን አቀፈ፤ ጓንት አላደረገም፤ የለበሱት ንጹሕ ልብስ ነበር።

አባቴ ግን ይህ አልበቃቸውም። ፊት ለፊት ስለቆምኩበት ቀን ሁሉ ይቅር ብሎኝ እንደሆነ በአንደበቱ ይንገረኝ አሉ። አልተረጎምኩም። ኃላፊው ሁካታውን ሰምቶ ከቢሮው ወጥቶ ነበርና የአባቴን ቃል እርሱ ራሱ ተቀብሎ ተረጎመው። ከአብራሪው ጋር ጥቂት ተነጋገሩ። አብራሪው ራሱን ወዘወዘ፤ በአገሩ እንዲህ ያለ ወግ የለም፤ ፊት ለፊት መቆማቸውን ይወደዋል፤ እንደ ቀድሞው ይቁሙለት። ኃላፊው ይህን በጠራ አማርኛ፣ ቃል በቃል፣ ለአባቴ ተናገረ። ለገበሬ ሲያስተረጉም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«በእንግዳ ላይ ዋሸሽ?»

«አዎ፤» አልኳቸው።

አብራሪውን አየሁት። ሞኝ ሰው አልነበረም፤ ለምን እንደዋሸሁ ወዲያው ገብቶታል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ የበጉን ገመድ ከአባቴ እጅ ተቀበለ። በዚያች ቅጽበት አንድ ቃል ብቻ መናገር ይችል ነበር፤ ኃላፊው ባይተረጉምለት እኔ ነበርኩ። በጉን ለጫኞቹ ሰጥቶ ወደ አውሮፕላኑ ሄደ። ታሪካቸውን የጻፉት ሰዎች ይህንን አብራሪ ደፋር ይሉታል። ዝቅ ብሎ መብረር ይችል ነበር፤ ይህን አልክድም።

ከሥራ ያሰናበቱኝ በዚያው ሰዓት ነው። ሜዳውን እንዳልረግጥ ተነገረኝ፤ ብረግጥ ጉዳዩ ወደ ቀበሌ እንደሚሄድ ኃላፊው አከለበት።

በማግስቱ ማለዳ በሜዳው ሳይሆን በጥጡ ውስጥ ሄድኩ። አባቴ በስፍራቸው ነበሩ፤ ጎሕ ገና እየቀደደ ነው። ሞተሩ ተሰማ፤ እርሳቸውም ወደ ድምፁ ዞረው ቀጥ አሉ። ከኋላቸው ደርሼ ዘንጉን ያዝኩት። አለቀቁም። ከአባቴ ጋር ጉልበት ተፈታትኜ አላውቅም ነበር፤ ማሽላ ተሸክመው አቀበት የሚወጡ ሰው ነበሩ። ዘንጉ በሁለት ጉትቻ ከእጃቸው ወጣ። ያ ጉልበት የት እንደሄደ አውቅ ስለነበር ማሸነፌ ከምንም በላይ አናደደኝ። ባንዲራውን ከፍ አድርጌ ነፋሱ ወደሚመጣበት ሮጥኩ። ተከተሉኝ። እየተራገሙ፣ እየተደናቀፉ፣ የተነጠቁትን ሊያስመልሱ ሮጡ፤ አውሮፕላኑ ከኋላችን መጥቶ፣ የሚሮጠውን ባንዲራ ሊከተል ተጣምሞ፣ መርዙን በባዶ ጠርዝ ላይ አፍስሶ አለፈ። በቆመ ሰው ራስ ላይ ምንም አልወረደም፤ የቆመ ሰው አልነበረምና።

ኃላፊው አባቴን ያባረራቸው ፀሐይ ሳትበረታ ነው፤ ጫኞቹን ሰብስቦ፣ በሁሉ ፊት፣ ከሴት ልጁ ጋር ባንዲራ የሚናጠቅ ሰው ለሶሻሊስት እርሻ አይሆንም ብሎ። ጫኞቹ ሳቁ። አባቴ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም ነበር። የፈለግሁት ይኸው ነበር፤ አገኘሁት።

ዓይናቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። እጃቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው መንቀጥቀጡን አልተወም፤ ውኃ ሲጠጡ እናቴ ከሥር ትደግፍ ነበር። ለእኔ በቀጥታ መናገር አቆሙ። የሚሉኝ ካለ ልጅሽን ንገሪያት እያሉ በእናቴ በኩል ያደርጉት ነበር፤ እናቴም አንድ ክፍል ውስጥ በሁለታችን መሐል ተቀምጣ ታስተረጉም ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ጊዜ ዱዓ አደረጉልኝ፤ እርሱንም በእርስዋ በኩል። ከእኔ ጋር የተጣሉት ስለ መርዙ አልነበረም። ስለ መርዙ እስከ መጨረሻው አላመኑኝም።

በተባረሩ በማግስቱ በእርሳቸው ቦታ ሌላ ሰው ቆመ። ማጀቴ ከምትባለው ከተማ በኩል ሥራ ፍለጋ የመጣ፣ በቀወት ዘመድ የሌለው፣ ቀጭን ሰው ነበር። ከመንገዱ ዳር ሆኜ አየሁት። ባንዲራውን አነሣ፤ አውሮፕላኑ ሲመጣ አልሮጠም፤ እርሱም እንደ ደንባችን ወደሚመጣው ዞሮ ቆመ። መካከላችን ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። መመሪያውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ቋንቋችን አንድ ነው፤ አስተርጓሚ አያስፈልገንም። እዚያው ቆሜ አሰብኩ፤ ነግሬው ከሸሸ፣ ኃላፊው መስመሩ ሲጣመምበት ቀጥ ብለው የሚቆሙትን ሰው መልሶ ያስጠራል፤ አባቴም ቢጠሩ በዚያው ቀን ይሄዳሉ። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነው።

አልሄድኩም። ሰውዬው እስከ ዘመቻው መጨረሻ ቆመ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም። መጠየቅ እችል ነበር፤ ማጀቴ ሩቅ አይደለም።